የሰንበቴው ጎመን

የጎመን ቅጠል ከአገዳው ሲቀጠፍ የሚያሰማው ድምፅ ትንሽ ነው። ቀጭ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ዝም። ዛሬ ጠዋት፣ ልጄ፣ አንቺና ባልንጀሮችሽ በማራኪ ሰፈር ከተከራያችኋት ክፍል ደጃፍ በከረጢትና በአሮጌ ጣሳ የተከላችሁትን ጎመን ስትቀጥፉ ያን ድምፅ ሰማሁት። ሽታውም ወዲያው ተከተለ፤ ጥቂት መረር ያለ፣ ውኃ የጠጣ አፈር ሽታ የተቀላቀለበት። ከአጥራችሁ ሥር መቋሚያዬን ተደግፌ ጸሎቴን እያደረስሁ ነበር፤ ቃሉ ከአፌ ላይ ቆመ።

አሁን ወደ ተቀመጥሁበት መጥተሽ «የኔታ፣ እሑድ ዕለት ለምን ሳቁ?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። ለሰፈሩ ሰው ስለ ጓሮ አትክልትና ስለ ጤናማ ምግብ ልታስተምሩ ተሰብስባችሁ፣ እኔ ጉባኤውን በጸሎት ከፍቼ ከተቀመጥሁ በኋላ፣ አንቺ ተነሥተሽ «እናቶች፣ ጎመንን አትናቁት» ስትዪ ሳቄ አመለጠኝ። በአንቺ አልሳቅሁም። ያንኑ ነገር በዚችው በጎንደር፣ ጣሊያን ወጥቶ አገር በረጋበት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ ከሌላ አፍ ሰምቼው ነበር። ያን ጊዜ ግን የሚስቅ አልነበረም። ቁጭ በዪ፤ ልንገርሽ።

ያን ጊዜ ጢሜ ገና ማቀምቀም የጀመረ ዲያቆን ነበርሁ። ከኮሶዬ ወጥቼ የማኅሌቱን አቋቋም ልማር ወደ ጎንደር የገባሁ። በእኛ ጉባኤ ቤት ተማሪ የሚጠራው በአገሩ ነው፤ እኔን ኮሶዬ ይሉኝ ነበር፣ ጎጆ የምጋራውን ባልንጀራዬን ደግሞ ዛሪማ። ዛሪማ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲሄድ አንገቱን ወደፊት የሚያስቀድም ልጅ ነበር። ድምፁን ግን ምን ብዬ ልንገርሽ። ዜማውን ሲያነሣ ከቅጥሩ ውጭ የሚያልፍ ባለ አህያ እንኳ አህያውን ያቆም ነበር። በአገሩ ያለው ቄስ አርጅቶ ሕዝቡ የእርሱን ቅስና ይጠባበቅ ነበርና፣ ትምህርቱን ጨርሶ፣ ተክኖ ከመመለስ በቀር በዚህ ዓለም ሌላ አሳብ አልነበረውም።

አዳራችንና ውሏችን በልመና ነበር። ደበሏችንን ለብሰን፣ አኮፋዳችንን በትከሻችን አንጠልጥለን፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያልን እንቆማለን። የጎንደር ሴት እጇ አይታጠፍም፤ ካላት ቁራሽ ትሰጣለች፣ ከሌላት በመልካም ቃል ትሸኛለች። የሚሰጡንን እንጀራ ከጎጇችን ደጅ በፀሐይ አድርቀን፣ በጨውና በበርበሬ እያራስን እንበላው ነበር። ወጥ የሚገኘው በበዓል ነው። ጎመን የሚባል ነገር ግን ከማንም ቤት፣ በማንም ቀን፣ ወደ አኮፋዳችን ገብቶ አያውቅም።

ይህ የሆነው ጎመን ጠፍቶ አይደለም። ጎመን በዚያን ዘመን የክፉ ቀን ምግብ ነበር፤ ክረምት ሲከብድ፣ ጎተራው ሲሟጠጥ፣ አዲሱ እህል ሳይደርስ የሚበላ። ጎመን ሠራች የተባለች ሴት ቤቷ ባዶ ሆነ ማለት ነበር። ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ የጎመኑ ድስት ከጓዳ ጓዳ ይሸሻል። በማርያም ስም ለቆመ ተማሪ ጎመን መስጠትማ ማርያምንም ተማሪውንም መናቅ መስሎ ይታያቸው ነበር። ከማክበራቸው የተነሣ ነበር የከለከሉን።

ዛሪማ መታመሙን የገለጠልኝ እርሱ አይደለም። በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ አንድ ቀን ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ የውኃው ቅል ከፊቱ ተቀምጦ ሳለ መሬቱን በመዳፉ ሲዳብስ አየሁት። ደነገጥሁ። ቀን ቀን መርፌ የሚያይ ሰው፣ ሠርክ ሲሆን ዓለም ሁሉ ይጨልምበት ነበር። ዳፍንት ይዞት ኖሯል።

«ለማንም እንዳትናገር» አለኝ።

«ቅል እየዳበስህ እስከ መቼ ትሸሽገዋለህ?»

«ይለቀኝ ይሆናል። አንተ ብቻ መቋሚያህን አውሰኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀሐይ ስትገባ መቋሚያዬን እዘረጋለታለሁ፤ አንዱን ጫፍ እርሱ ይይዛል፣ ሌላውን እኔ ይዤ ከፊት እሄዳለሁ። ተማሪዎቹ ጨዋታ መስሏቸው ይሳለቁብን ነበር። «ኮሶዬ በሬውን እየሳበ መጣ!» ይላል አንዱ፤ «ዛሪማ፣ ቀንበርህን የት ጣልኸው?» ይላል ሌላው። ዛሪማም አብሮ ይስቃል፤ በመቋሚያው በኩል ግን እጁ ጫፉን አጥብቆ ሲጨብጥ ይሰማኝ ነበር።

በጾም ወራት ቅዳሴ የሚገባው ከቀትር በኋላ እንደ ሆነ ታውቂያለሽ። ሥጋ ወደሙ የሚወጣው ፀሐይዋ ከደከመች በኋላ ነው፤ የቤተ ክርስቲያኑ መስኮት ጠባብ፣ ጧፉም ጥቂት ነው። አንድ ቀን ዛሪማ ጽዋውን ይዞ ከመቅደሱ ሲወጣ ደረጃውን ሳተው። ዘመም አለ። ከጎኑ የነበረው ካህን ክንዱን ጨብጦ አቆመው፤ በእግዚአብሔር ቸርነት አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም። ሕዝቡ ግን ሁሉ አይቶ ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ የደብሩ ሹም ገበዙ አስጠራው። ገበዙ ቁጡ፣ ግን እውነተኛ ሰው ነበር።

«ልጄ፣ ድምፅህን እወደዋለሁ» አለው። «ጽዋውን ግን ከድምፅህ አብልጬ እፈራዋለሁ። እስከ ሆሣዕና ዓይንህ ከተመለሰ፣ ሸጋ። ካልተመለሰ ወደ አገርህ ትገባለህ፤ ቅስናውንም ሌላ ይቀበለዋል። ዓይኑ የታወከ ሰው መቅደስ አይገባም።»

ዛሪማ እጅ ነሥቶ ወጣ። ያን ቀን መቋሚያውን ስዘረጋለት ቶሎ አልያዘውም።

ጠበል ወሰድሁት፤ ጠበሉ አጽናናው፣ ልቡንም አሳረፈለት። ከዚያ የጠበሉ አጥማቂ ራሱ «ወደ ሐኪም ቤትም ሂዱ፤ ያም የእግዚአብሔር ደጅ ነው» ብሎ መከረን። በሐኪም ቤት ነጭ ካፖርት የለበሰ፣ ድሬሰር የሚሉት የሐኪም ረዳት የዛሪማን የዓይን ቆብ ገልጦ አየና ጥያቄውን ወደ ሆዱ አዞረው።

«ምን ትበላላችሁ?»

«የተሰጠንን ነዋ፣ አያ» አልሁ።

«የተሰጣችሁ ምንድን ነው?»

«ቁራሽ።»

ድሬሰሩ ራሱን ነቀነቀ። «መድኃኒቱ ጉበት ነው» አለ።

«ጾም ነው» አለ ዛሪማ።

«እንግዲያማ ጎመን ብላ፤ በኑግ ዘይት ይሠራልህ። ጣሊያን የተከለው ካሮትም ገበያ አይጠፋም። ሳታቋርጥ ብላ እንጂ ይመለስልሃል።»

መምህራችን የኔታ ይህን ሲሰሙ ለታመመ ሰው ጉበቱ በጾምም እንደሚፈቀድ ነገሩት። እኚህ የኔታ ሊቅ ነበሩ፤ ሲቆጡ ጎጆው ይንቀጠቀጣል፣ ሲራሩ ግን እንደ እናት ነበሩ። ዛሪማ አንገቱን ደፍቶ «የኔታ፣ በጾም ሥጋ ቀምሼ ጽዋውን ልይዝ? እጄ እሺ አይለኝም» አላቸው። የኔታም አላስገደዱትም። ወደ እኔ ዘወር ብለው «እንግዲህ ኮሶዬ፣ እግር ያለህ አንተ ነህ፤ ጎመን ፈልግ» አሉኝ።

ፍለጋው ቀላል መስሎኝ ነበር፤ በማግስቱ አኮፋዳዬን ይዤ ወጣሁ። የመጀመሪያው ደጅ የቀኛዝማቹ ባልቴት ደጅ ነበር። ባሏ በሞተ ጊዜ በፍትሐቱ ላይ ዛሪማ ዜማውን ሲያነሣ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ የወሰደችውን አስታውሼ ነው እርሷን ያስቀደምሁ። እንደ ልማዴ «በእንተ ስማ ለማርያም!» አልሁ። ባልቴቲቱ ሙሉ እንጀራ አጥፋ ይዛ ብቅ አለች።

«እሜቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኋት። «ዛሬስ... ጎመን ካለዎት ብዬ ነው።»

«ምን አልህ?»

«ጎመን።»

«ዋይ! ምነው ተማሪ፣ ምን በደልሁህ? የቀኛዝማች ቤት ዛሬ ጎመን ቤት ሆነ?»

ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤቷ የቆዳ ነጋዴው ሚስት ድምፅ ተሰማ። «ምን ጠየቀሽ?»

«ምንም! መንገድ ጠፍቶት ነው!» አለች ባልቴቲቱ፣ ጮክ ብላ።

ወደ እርሷ ጠጋ ብዬ በዝግታ የዛሪማን ነገር ሁሉ ነገርኋት፤ የዓይኑን፣ የጽዋውን፣ የገበዙን ቃል። ፊቷን ትክ ብዬ አየሁ፤ ምንም አላነበብሁበትም። በሩን ዘጋች። ያን የታጠፈ እንጀራ እንኳ ረስታ ይዛው ገባች።

በሌላውም ደጅ የጠበቀኝ ይኸው ነበር። አንዷ ውሻዋን ፈታችብኝ። ሌላዋ «ጎመን ብትሻ በግ ሆነህ ተመለስ» ብላ አሳቀችብኝ። የቆዳ ነጋዴው ሚስት ደጅ ስደርስማ፣ ገና አፌን ሳልከፍት «የእኔ ጓሮ ጽጌረዳ እንጂ ጎመን አይበቅልበትም!» አለችኝ። ባዶ አኮፋዳ ይዤ ስገባ ዛሪማ ከጎጇችን ደጅ ተቀምጦ፣ ፊቱን ወደምትጠልቀው ፀሐይ አድርጎ ነበር። የእግሬን ድምፅ ሰምቶ ፈገግ አለ። «ተወው፤ ዛሪማም እኮ አገር ነው» አለኝ። የእርሱ መጽናናት ከእኔ ኀዘን ይልቅ አስለቀሰኝ።

ሰንበት ደረሰ። በሰንበቴያችን ሥርዓት ከቅዳሴ በኋላ ካህናቱም፣ ተማሪውም፣ ነዳያኑም በሰንበቴው ቤት ይቀመጣሉ፤ ተረኛዋ ሴት ምግቡንና ጠላውን ይዛ ትቀርባለች። ሴት ሁሉ ስሟ የሚመዘነው በዚያ ቀን በምታቀርበው ነበር። የዚያን ሰንበት ተረኛ የቀኛዝማቹ ባልቴት ነበረች። የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ አገልግሉን በሁለት ገረዶች አስይዛ ገባች። ቀስ ብላ ተንበርክካ ክዳኑን ከፈተች።

ከእንጀራው ላይ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነበር። የነጭ ሽንኩርቱና የኑግ ዘይቱ ሽታ ቤቱን ሞላው። የተቀመጠው ሁሉ አንገቱን አሰገገ። በሰንበቴ፣ በካህናት ፊት፣ በቀኛዝማች ሚስት እጅ ጎመን!

የቆዳ ነጋዴው ሚስት ዝም ማለት አልሆነላትም። «እሜቴ፣ ምነው? ዘንድሮ ጎተራው ጎደለ እንዴ?» አለች።

ባልቴቲቱ ከተንበረከከችበት ቀና አላለችም። «ጎተራዬ ሙሉ ነው፤ ጓሮዬም ሙሉ ነው» አለች። «ያንቺም ጓሮ ሙሉ መሆኑ በአጥሬ ቀዳዳ ይታየኛል። ጽጌረዳሽን በሞሰብ ስትሸከሚው ስንት ጊዜ አየሁሽ።»

ከወንዶቹ በኩል ሳቅ ፈነዳ፤ ከሴቶቹ በኩል ግን የሳቀች አልነበረችም። አንዷ ሌላዋን ሰርቃ ታያለች። ነገሩ በዚያች ቅጽበት ገባኝ፤ ከእነርሱ መካከል የጎመን መደብ በጓሮዋ የሌላት አንዲትም ሴት አልነበረችም። እያንዳንዷ ከሌላይቱ ትሸሽግ ኖሯል።

የኔታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «እናቶቼ» አሉ፣ «በዋልድባ ያሉ አባቶቻችን የሚቀምሱት ሥርና ቅጠል ነው። ችጋራሞች የሚላቸው ማን ነው? እግራቸውን ለመሳም ስንቅ ቋጥራችሁ ትሄዱ የለምን? እግዚአብሔር ያበቀለውን ቅጠል አትናቁት። ይህ ዲያቆን በእናንተ ደጅ ቆሞ ዓይኑ የጠፋ እንደ ሆነ፣ ከጓሯችሁ መድኃኒቱን ሸሽጋችሁ መሆኑን ሰማይ ያውቃል።»

ይህን ብለው ማዕዱን ባረኩ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ራሳቸው ቀመሱ። ሁለተኛውን ጠቅልለው፣ ከሊቃውንቱ መቀመጫ ወርደው፣ ተማሪዎቹ ወደተቀመጡበት ወደ በሩ ሥር መጡና በገዛ እጃቸው ዛሪማን አጎረሱት። የኔታ ተማሪ ሲያጎርሱ ያየነው ያን ዕለት ብቻ ነው። ገበዙም አጠገባቸው መጥቶ እጁን ወደ ጎመኑ ሰደደ። ከዚያ በኋላ ማን ይቅር፤ አገልግሉ ባዶውን ቀረ።

በሚቀጥለው ሰንበት የቆዳ ነጋዴው ሚስት ተረኛ ሳትሆን ድስት አስይዛ መጣች። ጎመኑን ከካሮት ጋር ቀላቅላ ሠርታው ነበር። «የእኔው ይሻላል፤ ቅመሱና ፍረዱ» አለች፣ ባልቴቲቱን በጎን እያየች። የጎንደር ሴት እልህ ምን እንደሚሠራ ያየሁት ያኔ ነው። ያ ገመና የነበረ ቅጠል የውድድር ነገር ሆነ። ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ወደ ጎጇችን የማይመጣ ሳህን አልነበረም፤ «ለዓይኑ ነው» ይላሉ፣ አስቀምጠው ይሄዳሉ።

ገበዙ ደግሞ ለነገሩ ሥር ፈለገለት። ከቅጥሩ በታች፣ ወደ ቀሃ ወንዝ በሚወርደው ተዳፋት፣ ሳማና እሾህ የወረሰው የቤተ ክርስቲያን መሬት ነበር። «ይህን ቆፍሩት፤ ከየጓሯችሁም ችግኝ አምጡ» አለ። ደቦ ተጠራ። ነጋዴው፣ ወታደሩ፣ አናጢው፣ ተማሪው በአንድነት ወጣ። ሴቶቹ ሥሩ በእርጥብ አፈር የተጠቀለለ ችግኝ በእንቅብ ይዘው መጡ። የኔታም ኩታቸውን በወገባቸው አሸንፍጠው ዶማ አነሡ።

«የኔታ፣ ኧረ ይተዉ!» ብለን ተሯሯጥን።

«ስበላ ያልከለከላችሁኝን ስቆፍር ትከለክሉኛላችሁ?» አሉን።

ውኃ የማመላለሱ ሥራ የእኛ የተማሪዎቹ ነበር። የቅሉን ቂጥ በጋለ ወስፌ በሳስተን፣ ውኃው እንደ ካፊያ በችግኙ ላይ እንዲወርድ አደረግን። የደረቀው አፈር ውኃውን ሲጠጣ የሚሰጠው ሽታ፣ የቅሉ ውኃ ሲንሿሿ የሚሰማው ድምፅ፣ ከላይ ከቅጥሩ ውስጥ የሚወርደው የልጆች የፊደል ጩኸት፤ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን እዚያው ነኝ። ዛሪማ ከሁላችን ይልቅ ይተጋ ነበር። ያጠጣ የነበረው ቀን፣ ዓይኑ እያየ ሳለ ነው፤ ፀሐይ ስትዘቀዝቅ ቅሉን አስቀምጦ የመቋሚያዬን ጫፍ ይጠብቃል።

አንድ ቀን ግን አልጠበቀም። ከአትክልቱ ሽቅብ ስንመለስ መቋሚያዬን ወደ ኋላ ዘረጋሁ፤ የሚይዘው እጅ አጣሁ። ዞር ስል በጎኔ አልፎኝ ከፊት እየሄደ ነበር። ድንጋዩን ይዘለዋል፣ እሾሁን ይርቀዋል። መቋሚያዬን በትከሻዬ አድርጌ ተከተልሁት። ሁለታችንም ብንናገር የሚጠፋ መስሎን ነበር።

ገበዙ ግን በሰው ወሬ የሚያምን አልነበረም። በሆሣዕና ዋዜማ፣ ፀሐይ ገብታ፣ በቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ የሰው ፊት መለየት በሚያቅትበት ሰዓት ዛሪማን በአንድ ዓምድ ሥር አቆመው፤ እርሱ ከሌላው ዓምድ ሥር ቆመ። የኔታም፣ ተማሪውም፣ ባልቴቲቱም በበሩ ላይ ተሰብስበን ነበር። ገበዙ እጁን ከካባው ውስጥ አወጣ።

«በእጄ የያዝሁት ምንድን ነው?»

ዛሪማ አንገቱን ወደፊት አስቀደመ። 

«የጎመን ቅጠል ነው፣ አባ» አለ። ከዚያም ጨመረ፦ «ጫፏን ትል በልቷታል።»

ባልቴቲቱ እልል አለች። በጾም እልልታ አይገባም የሚላት አልነበረም። ገበዙ ቅጠሏን በጥምጥሙ እጥፋት ሰካት። እንዲሁ ሰክቷት በሕዝቡ መካከል አልፎ ወጣ፤ ያን ምሽት የጎንደር ሰው ሁሉ ገበዙን ጎመን በራሱ ላይ አድርጎ ሲሄድ አየው።

በማግስቱ በሆሣዕና ዛሪማ ጽዋውን ይዞ ወጣ። እኔ ያየሁት እግሩን ብቻ ነበር። ደረጃውን በረጋ እግር ወረደ።

ከዚያ ወዲህ፣ ልጄ፣ በሰንበቴያችን ተረኛ የሆነች ሴት አስቀድማ የምታቀርበው ጎመን ሆነ። አትክልቱም ሰፋ፤ ካሮቱ፣ ቆስጣው፣ ሽንኩርቱ ተጨመረ። ከሌላ ደብር የመጡ ሴቶች «የእናንተን ዘር ስጡን» ብለው ደጃችን ሲቆሙ፣ እኛ ለማኞቹ ሰጪ ሆንን። ስንት ዘመን በሊቃውንት መካከል ተቀምጬ አውቃለሁ፤ እንደዚያች ቁልቁለት መሬት ያኮራኝ ስፍራ የለም። ከእኛ በኋላ የመጡት ተማሪዎች በዳፍንት ሲዳብሱ አላየሁም።

ዛሪማ ቅስናውን ተቀብሎ ወደ አገሩ ሲገባ ከዚያ አትክልት የጎመን ዘር በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ሄደ። በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከዛሪማ ወደ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ በሚወጡ ነጋዴዎች እጅ አንዲት የዘር ቋጠሮ ትደርሰኝ ነበር። የቃል መልእክት አይከተላትም፤ አያስፈልግም ነበር። እኔም ዘርቼ፣ አብቅዬ፣ ከፍሬው እመልስለት ነበር። ጸጉራችን እስኪሸብት እንዲህ ኖርን። አንድ መስከረም ቋጠሮዋን ይዞ የመጣው ነጋዴ አልነበረም። በኀዘን ራሱን የተላጨ፣ አንገቱን ወደፊት የሚያስቀድም ቀጭን ጎልማሳ ነበር። «አባቴ በገዛ እጁ ቋጥሮት ነበር» አለኝ። እጄን ዘርግቼ ተቀበልሁት፤ ቋጠሮውን ለመፍታት ግን ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ።

ያን ዘር ዘራሁት። አሁን አንቺ በከረጢትና በጣሳ የተከልሽው ጎመን፣ ዘሩን ከእኔ የወሰድሽው፣ የዚያ የቋጠሮው ልጅ ልጅ ነው።

ጨዋታዬ ረዘመ፤ ፀሐይም ገባች። የእኔ ዓይን ዳፍንት አይደለም፣ እርጅና ነው፤ ለእርሱ መድኃኒት አልለምንም። ነይ፣ ወደ ቤቴ ሸኚኝ። መቋሚያው ይኸው፤ ያንን ጫፍ ያዢውና ከፊት ሂጂልኝ። ቀስ በዪ። ስትሄጂ እጅሽ በእንጨቱ በኩል ይሰማኛል። ሰው በዚህ ጫፍ ሲሆን ምን ያህል አምኖ እንደሚከተል ዛሬ አወቅሁት፤ ያኔ ከኋላዬ ሆኖ፣ አንድም ቀን ሳይጠይቀኝ፣ እንዲህ ነበር የተከተለኝ።